የሶሎቪዮቭ «ሶፊያ» ማን ናት?

ሶፊያ ሲባል የቡልጋሪያ ዋና ከተማ ትዝ ቢላችሁ አይፈረድባችሁም። ሩሲያዊው ፈላስፋ ቭላድሚር ሶሎቪዮቭ ሶፊያ ሲል ግን ሌላ ነው። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ጥበብ ማለት።

መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 8ን ያነበበ መነሻውን ያውቀዋል። እዚያ ጥበብ እንደ ሰው አፍ አውጥታ ትናገራለች፤ ዓለም ሳይፈጠር ከእግዚአብሔር ጋር ነበርኩ ትላለች። ሶሎቪዮቭ (1853–1900 እ.ኤ.አ.) ይህችን ጥበብ የፈጣሪና የፍጥረት ማገናኛ አደረጋት። የተበታተነው ሁሉ አንድ የሚሆነው በእሷ ነው ባይ ነው።

ነገሩን ያወሳሰበው፣ ለእሱ ሶፊያ ሐሳብ ብቻ አለመሆኗ ነው። ሦስት ጊዜ አይቻታለሁ ብሏል፦ በልጅነቱ ሞስኮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በ1875 ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ንባብ ክፍል፣ ከዚያ ግብፅ በረሃ። በረሃ የወረደው ረጅም ባርኔጣና ካፖርት አድርጎ ነው! ራሱ በግጥሙ እንደሚያወራው ዘላኖቹ ሰይጣን መስሏቸው ያዙት። ኋላ ለቀቁት። መሬት ላይ ተኝቶ አደረ፤ ንጋት ላይ ታየችው።

ገጣሚው አሌክሳንደር ብሎክ በግጥሞቹ የሚያወድሳትን «ውቢቱን እመቤት» ከዚህ ቀዳ። ፓቬል ፍሎሬንስኪና ሰርጌይ ቡልጋኮቭ የተባሉት ካህናት ደግሞ ሐሳቡን ነገረ መለኮት ውስጥ ይዘውት ገቡ። ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። በሥላሴ ላይ አራተኛ አካል ልትጨምሩ ነው ወይ ተባለ። ቡልጋኮቭ በፍጹም ቢልም፣ በ1935 የሞስኮ ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤት ትምህርቱን አወገዘ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግርታው የሚጀምረው ከሶሎቪዮቭ ከራሱ ነው፤ አንዴ የዓለም ነፍስ ይላታል፣ አንዴ ዘላለማዊት እንስት።