የበረሃ የፍቅር ልቦለድ ምንድን ነው?

«ሼህ» ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታዩን ኪታብ የቀሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ አባት ናቸው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቃሉ ከዚህ ይሰፋል፤ ለጎሳ አለቃም፣ በኩዌትና በኳታር እንደሚታየው ለገዢው ቤተሰብ ልጆችም መጠሪያ ነው። በእንግሊዝኛ የፍቅር ልቦለድ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል፦ ነዳጅ ያበለጸገው፣ ቁጡ፣ መልከ መልካም፣ ሚስት የሌለው ገዢ። በእሱ ዙሪያ የሚጻፈው ታሪክ የበረሃ የፍቅር ልቦለድ ይባላል። ከዘርፉ ተደጋግሞ የሚጻፈው አንዱ ዓይነት ንጉሥና ልዕልት ሳይዋደዱ፣ ለመንግሥት ጉዳይ ብለው የሚጋቡበት ነው።

ዘርፉን ያስጀመረው እንግሊዛዊቷ ኢ. ኤም. ኸል እ.ኤ.አ. በ1919 ያሳተመችው «ዘ ሼክ» ነው። አልጄሪያ በረሃ ለጉዞ የወጣችን ኩሩ እንግሊዛዊት አንድ የበረሃ አለቃ ይጠልፋታል፣ ይደፍራታል፤ እሷም ውላ አድራ ትወደዋለች። በ1921 ሩዶልፍ ቫለንቲኖ የተወነበት ድምፅ አልባ ፊልም ሆነና ዝናው ናኘ። እኔን የሚያስቀኝ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ምስጢር ነው፦ ሰውዬው ለካ ዐረብ አይደለም፤ አባቱ እንግሊዛዊ መኳንንት፣ እናቱ ስፔናዊት ናቸው። የዘመኑ አንባቢ ጠለፋውን ችሎ ዐረብ ባል መቻል አቅቶት ነበር ማለት ነው።

ጠለፋ አገራችን ውስጥ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን እንደ ፍቅር ማንበብ ይከብደዋል። ዛሬ የምዕራቡ አንባቢም አይቀበለውም። የደራሲው ችግር ግን እንዳለ ነው፤ የማይዋደዱ ሁለት ሰዎችን አንድ ጣሪያ ሥር የሚያቆልፍ ምክንያት ያስፈልገዋል። በእኔ ግምት የጥቅም ጋብቻ የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። የጠላፊውን ፈረስ ውል ተካው። (ውጭ አገር ያለን ሰዎች «ለወረቀት ነው የተጋቡት» የምንለው የዚሁ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ በልቦለዱ ወረቀቱ ዘውድ መሆኑ ነው።)

አካሄዱ ይታወቃል። አሮጌው ንጉሥ ሞቷል፤ ሕጉ ደግሞ ያላገባ ልዑል ዘውድ እንዲጭን አይፈቅድም። ወይም ታጭታ የነበረችው ታላቅ እኅት በሠርጉ ዋዜማ ትጠፋና ታናሿ ትተካለች። በጋብቻው ውል ላይ ለስንት ጊዜ አብረው እንደሚኖሩ፣ ወራሽ መወለድ እንዳለበት፣ ማን የት እንደሚተኛ ይዘረዘራል። «ፍቅር የለበትም» የሚልም አይጠፋም፤ አንባቢ መጽሐፉን የገዛው ግን ያ ቃል ሲፈርስ ለማየት ነው። ከዚያ የአሸዋ ማዕበል ይነሣል፤ ድንኳኑ አንድ፣ አልጋውም አንድ።

ልጅቷ ጸሐፊ ወይም ነርስ ብትሆን ታሪኩ ድሃ ለንጉሥ የተዳረችበት የተለመደ ተረት ነው። ልዕልት ስትሆን ግን ከጀርባዋ አገር አለ። ተናዳ ሻንጣዋን ብታነሣ የድንበር ስምምነት ይፈርሳል፤ ኩርፊያዋ የሁለት መንግሥት ጉዳይ ይሆናል። ለዚህ ነው ይህን ዓይነቱን ከሌላው የምመርጠው።

አገሮቹ ብዙውን ጊዜ በካርታ ላይ የሉም። እውነተኛ አገር እውነተኛ ሕግና ፖለቲካ ይዞ ይመጣል፤ የፈጠራው መንግሥት ነዳጅ፣ ግመልና ቤተ መንግሥት ብቻ ይበቃዋል። በዚያ ቤተ መንግሥት ምግብ ራሱ ተሠርቶ፣ ወለሉም ራሱ ተወልውሎ ያድራል። ሪያድ ወይም ኩዌት ሰው ቤት የሠራች እኅታችን ብታነበው መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለዚህ ይመስለኛል።

በታሪክ የነገሥታት የጥቅም ጋብቻ ሞልቷል። የእኛዋ ዘውዲቱ እ.ኤ.አ. በ1882 ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለአርአያ ሥላሴ ስትዳር ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጋብቻው የምኒልክንና የዮሐንስን ስምምነት ማሰሪያ ነበር። ለልቦለዱ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፋውዚያ ነው። የግብፁ ንጉሥ ፋሩቅ እኅት ፋውዚያ በመጋቢት 1939 ካይሮ ላይ የኢራኑን አልጋ ወራሽ መሐመድ ሬዛን አገባች። እሷ 17፣ እሱ 19 ዓመታቸው ነበር፤ ከሠርጉ በፊት የተያዩት አንዴ ብቻ ነው። የልጁ አባት ሬዛ ሻህ ከወታደርነት ተነሥቶ ዙፋን የያዘ ሰው ነበርና ከቆየ ሥርወ መንግሥት ጋር መዛመድ ይፈልግ ነበር። በ1940 ልጃቸው ሻህናዝ ተወለደች፤ በ1941 ባሏ ነገሠ፣ እሷም ንግሥት ሆነች። ቴህራን ግን አልሆነቻትም። በ1945 ካይሮ ሄደች፣ በዚያው ቀረች። ኢራን ፍቺውን በ1948 አጸደቀች፤ ሻህናዝ አባቷ ዘንድ ቀረች። ለሕዝብ የተነገረው ምክንያት የኢራን አየር ለንግሥቲቱ ጤና አልተስማማም የሚል ነበር።