የብራና መጻሕፍት ጥረዛና ድጉስ

የብራና መጽሐፍ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጽሕፈቱና ስለ ሥዕሉ ነው። ጠራዡን የሚያስታውሰው የለም። ግን የቆዳ ሽፋኑን ገልጠው ጀርባውን ቢያዩት፣ ዋናው ብልሃት ያለው እዚያ ነው።

በኢትዮጵያ ጥረዛ ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚይዛቸው ክር ብቻ ነው። ጀርባው በሙጫ አይያያዝም። ጸሐፊው ሲጨርስ ብራናው በጥራዝ በጥራዝ፣ ማለትም አንድ ላይ በታጠፉ ጥቂት ቅጠሎች፣ ተለይቶ ይመጣል። አንድ ጥራዝ አብዛኛውን ጊዜ ከስምንት እስከ አሥር ቅጠል አለው። እጥፋቱ ላይ በወስፌ አራት ቀዳዳ ይበሳል፤ መጽሐፉ ትልቅ ከሆነ ስድስት። ቀዳዳዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ክር በሁለት መርፌ ይሠራል። ክሩ ከጥራዙ ይወጣል፣ ከበታቹ ባለው ስፌት ሥር ይጠለፋል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥራዝ ይገባል። ሲያልቅ ጀርባው ላይ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ይታያል። እንዲህ የተሰፋ መጽሐፍ አትሮንስ ላይ ሲቀመጥ ወለል ብሎ ይከፈታል። ለቀዳሽና ለአንባቢ ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

ክሩ ገበታዎቹንም ይይዛል። ገበታ የሚባሉት ፊትና ኋላ የሚሆኑት ሳንቃዎች ናቸው፤ ከዋንዛ፣ ከወይራ ወይም ሌላ ጠንካራ እንጨት ይጠረባሉ። ጠርዛቸው ላይ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ቀዳዳ ይበሳና ክሩ በዚያ ያልፋል። ገበታ ተሰነጠቀ ተብሎ አይጣልም። ስንጥቁ ግራና ቀኝ ተበስቶ በክር ወይም በጅማት እንደ ልብስ ይሰፋል። እኔ እንዲያውም ከአዲስ ገበታ ይልቅ ተሰፍቶ የዳነ ገበታ ያለው መጽሐፍ የበለጠ ደስ ይለኛል።

ብዙ መጻሕፍት እዚህ ላይ ያበቃሉ። ቆዳ አይለብሱም፣ ሳንቃቸው እንደተራቆተ ያገለግላሉ። ቆዳ ወጪ ነው። መደጎስ፣ ማለትም ቆዳውን በጋለ ብረት ማስጌጥ፣ ደግሞ ሌላ ወጪ።

አቅም ያለው አሠሪ ከተገኘ ግን ገበታው በቀይ ወይም በቡናማ ቆዳ ይሸፈናል። ቆዳው በጠርዙ ታጥፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ደጓሹ መደጎሻ ብረቶቹን እያጋለ ቆዳው ላይ ይጫናል። ወርቅ የለም፣ ቀለም የለም፤ ጌጡ ከጋለው ብረት የሚቀር ጠባሳ ነው። እያንዳንዱ ብረት አንድ ትንሽ ምልክት ብቻ አለው፦ መስመር፣ ክብ በክብ ውስጥ፣ የተጠላለፈ ሰረዝ። ደጓሹ እነዚህን እየደጋገመ ዙሪያውን ክፈፍ በክፈፍ ይሠራል፣ መሐሉ ላይ መስቀል ያቆማል። ስህተት ማጥፊያ የለውም። ደህና ደጓሽ የሚታወቀው ክፈፎቹ ማዕዘን ላይ ሲገናኙ ነው። ሰነፍ እጅ እዚያ ላይ ይጋለጣል።

በገበታው ውስጠኛ ገጽ፣ የታጠፈው ቆዳ ሳይሸፍነው የሚቀር ባዶ ቦታ አለ። እዚያ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ይለጠፋል፤ ጥጥ፣ ሐር፣ ከፋይ፣ የተገኘው ሁሉ። ብዙው ከባሕር ማዶ የመጣ ስለሆነ የጨርቅ ንግድ ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ይህችን ቁራጭ ፍለጋ መጽሐፍ ይገልጣሉ። የጀርባው ላይኛና ታችኛ ጫፍ ደግሞ በተጎነጎነ ቆዳ ይጠበቃል። በመጨረሻ መጽሐፉ ማኅደሩ ውስጥ ይገባል። ማኅደር በመጽሐፉ ልክ የተሰፋ የቆዳ ከረጢት ነው። ማንገቻ ስላለው በትከሻ ይያዛል፣ ከዕቃ ቤት ግድግዳ ላይም ይሰቀላል፤ አይጥና እርጥበት እንዳያገኘው።

ከሁሉም የሚበልጠው የታሪክ ምስክር ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም አለ፤ የገሪማ ወንጌሎች የሚባሉት የብራና መጻሕፍት ናቸው። የወንጌሎቹ ብራና በካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው መጨረሻ እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ወድቋል። የአንዱ ገበታ በወርቅ በተቀባ መዳብ፣ የሌላው በብር ተለብጧል። ከእነዚህ በአንዱ ሽፋን ውስጥ ደግሞ ሁለት የወንጌል መጻሕፍት ተቀላቅለው ተጠርዘው ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ መጽሐፍ ኖረዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. የጥገና ሥራ ሲጀመር እንግሊዛዊው ጠራዥ ሌስተር ኬፕን ገዳሙ ድረስ ሄዶ ሠርቷል፤ ወንጌሎቹ ከገዳሙ አልወጡም። የተቀላቀሉትም ተለይተዋል። ክር ብቻ የያዘውን መጽሐፍ መፍታትና መልሶ መስፋት ይቻላል፤ በሙጫ ቢሆን ኖሮ ብራናው ራሱ ሊጎዳ ይችል ነበር። በነገራችን ላይ ወደ አውሮፓ የሄዱ አንዳንድ ብራናዎች ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። ገበታቸው ወልቆ በአውሮፓ ስልት እንደገና ተጠርዘዋል፣ የጥንቱ ስፌት ምን ይመስል እንደነበር ከእነሱ ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

ዛሬ ሙያው አልጠፋም፣ ግን ተሸርሽሯል። የታተመው ዳዊት በርካሽ ይገዛል፤ ማኅደሩም ብዙ ጊዜ የስፌት መኪና ሥራ ነው። በቱሪስት ከተሞች ሱቅ ውስጥ አዲስ ብራና በጭስ አጥቁሮ “ጥንታዊ” ብሎ የሚሸጥም አለ። በሌላ በኩል የአውሮፓና የአሜሪካ ጥረዛ አስተማሪዎች ይህንኑ ስፌት በኢትዮጵያ ስም ለተማሪዎቻቸው ያስተምራሉ። ተማሪዎቹ በወረቀትና በሳንቃ የማስታወሻ ደብተር ይሰፉበታል። ድጉሱን የሚሞክር ግን ጥቂት ነው።