የአንጎል ህዋሶች በሙጫ ነው እንዴ የሚያያዙት?

ጅማ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ባዮሎጂ አስጠናለሁ። ባለፈው ስለ ህዋስ አጣባቂ ፕሮቲኖች ስናወራ አንዱ ልጅ «ታዲያ አንጎላችን በሙጫ የተለጠፈ ነው?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን አልፈረድኩበትም፤ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ማታ ቡና ላይ ሳነሳው ደግሞ ጎረቤቶቼ የየራሳቸውን ጨመሩበት።

«ነርቭ ከራስ እስከ እግር አንድ ወጥ ገመድ ነው»

እንዲህ ያሰብነው እኛ ብቻ አይደለንም። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ካሚሎ ጎልጂ የአንጎል ህዋሶች ሳይቆራረጡ የተያያዙ አንድ መረብ ናቸው ይል ነበር። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ደግሞ እያንዳንዱ ህዋስ ራሱን የቻለ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1906 የኖቤል ሽልማቱን ሁለቱም ተካፈሉት። ጎልጂ ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር እንኳ የካሃልን ሐሳብ ከመቃወም አልተመለሰም። ልክ የነበረው ግን ካሃል ነው።

የጅማን በርጩማ አስቡት። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል። ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው፣ መጋጠሚያ የለው። ጎልጂ አንጎልን ያየው እንደዚያ ነው። እውነተኛው አንጎል ግን ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የየራሳቸው አካል ያላቸው የነርቭ ህዋሶች አሉት። አንዱ ለሌላው መልዕክት የሚያቀብልበት ቦታ ሲናፕስ ይባላል። በአብዛኞቹ ሲናፕሶች ላይ ህዋሶቹ ገላ ለገላ አይገጥሙም፤ በመሃላቸው 20 ናኖሜትር ገደማ ክፍተት አለ። አንድ የፀጉር ዘለላ በውፍረቱ ሺህ ጊዜ ቢሰነጠቅ እንኳ ስንጣሪው ከዚህ ክፍተት ይሰፋል።

«አጣባቂ ከተባለ ያው ሙጫ ነው»

ሙጫ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። ጣት ቢሆን፣ ወረቀት ቢሆን ግድ የለውም። እነዚህ ፕሮቲኖች ግን መራጮች ናቸው። ከህዋሱ ሽፋን ወደ ውጭ ብቅ ብለው ጎረቤታቸውን ይዳስሳሉ። ካድሄሪን የሚባሉትን ውሰዱ። በጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ ሥራ የታወቁ ናቸው። በአብዛኛው የሚይዙት የራሳቸውን ዓይነት ነው፤ ያውም ካልሲየም ሲኖር። ካልሲየሙ ከተወሰደ ይላቀቃሉ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ሲናፕስ ላይ የሚሆነው ነው። በላኪው ህዋስ በኩል ኒውሬክሲን ይቆማል፣ በተቀባዩ በኩል ኒውሮሊጅን። ክፍተቱን ተሻግረው ይጨባበጣሉ። (ኒውሬክሲን የተገኘው እንዴት መሰላችሁ? የአንዲት መርዘኛ ሸረሪት መርዝ ነርቭ ላይ የት እንደሚያርፍ ሲፈለግ ነው!) እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ አንድ ሙከራ ደግሞ አለ። ተመራማሪዎች ነርቭ ያልሆነ ህዋስ ወስደው ኒውሮሊጅን እንዲያወጣ አደረጉት። ከዚያ ከነርቭ ህዋሶች ጋር አንድ ሳህን ላይ አሳደጉት። የነርቩ ጫፍ ሲነካው ተሸወደ። እውነተኛ ተቀባይ ያገኘ መስሎት መልዕክት የሚልክበትን ዕቃ እዚያው መደርደር ጀመረ። መጨባበጡ ራሱ «እዚህ ሥራ ጀምር» የሚል ትዕዛዝ ነበር ማለት ነው።

«ከተያያዙ ወዲያ መላቀቅ የለም»

አንዳንዶቹ የሚያያዙት ለመሸሽ ነው። ሙዝ ላይ የምትዞረዋ ትንሿ ዝንብ ዲስካም1 የሚባል ጂን አላት። ይህ አንድ ጂን 38,016 ዓይነት ፕሮቲን ሊያወጣ ይችላል። እያንዳንዱ ነርቭ ከእነዚህ ጥቂቱን ይዞ የራሱ መለያ ያደርገዋል። የአንድ ነርቭ ሁለት ቅርንጫፎች ሲነካኩ መለያው ይገጥማል፣ ፕሮቲኖቹ ይያያዛሉ፣ ቅርንጫፎቹም ወዲያው ይራራቃሉ። «አንተማ እኔው ነህ፣ ሌላ ቦታ ሂድ» እንደማለት ነው። በእኛ አንጎል ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩት ፕሮቶካድሄሪኖች ናቸው፤ ጂኖቻቸው ከ50 በላይ ናቸው።

«የነርቭ መንገድ ሁሉ ጂን ላይ ተጽፎ ያለቀ ነው»

ያለን ጂን 20,000 ገደማ ነው። ህዋሱ በቢሊዮን፣ ግንኙነቱ ከዚያም በብዙ እጥፍ። አንድ በአንድ ሊጻፍ አይችልም።

ከመናኸሪያ ወርዶ ጅሬን የሚሄድ እንግዳ ምን ያደርጋል? የቤት ቁጥር ይዞ አይመጣም። ባጃጅ ይጠይቃል፣ ዳገቱን ይወጣል፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሲያይ እንደደረሰ ያውቃል። የሚያድግ ነርቭ ጫፍም እንደዚያ ነው። እንደ ጣት ቀጫጭን ነገሮች እየዘረጋ የረገጠውን ይዳስሳል። የሚመቸውን ይይዛል፣ ከሚገፋው ይርቃል።

ለነርቩ መንገድ የሚያሳዩት ምልክቶች ግን ቀልድ አይደሉም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮጀር ስፔሪ የእንቁራሪት ዓይን ነርቭ ቆርጦ ዓይኑን ገለበጠው። ነርቩ እንደገና አድጎ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። እንቁራሪቷ ከዚያ በኋላ ዝንቧ ከላይ ስትሆን ወደ ታች ትወረወር ነበር። ልምድም አላረማትም።

«ፕሮቲን ከሆነማ እንቁላል መብላት ነው»

እንቁላሉ ለነፍሰ ጡር ጥሩ ነው፣ ትብላ። ግን የተበላ ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ አሚኖ አሲድ ይሆናል። ኒውሮሊጅኑን የሚሠራው ህዋሱ ራሱ ነው።

«ትንሽ ጠጅ ምን ያደርጋል?»

ይህን ያሉት ምራታቸው የስድስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ጎረቤቴ ናቸው። «እማማ፣ እዚህ ላይ አልስማማም» አልኳቸው። ኤል1 የሚባል አጣባቂ ፕሮቲን አለ፤ በፅንሱ አንጎል ውስጥ የነርቭ ክሮች እንዲያድጉና እንዲያያዙ ያግዛል። ጂኑ የተበላሸባቸው ልጆች ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ ሊጠራቀም ይችላል፤ ጂኑ ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ በአብዛኛው የሚጎዱት ወንዶች ናቸው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ደግሞ አልኮል፣ በትንሽ መጠን እንኳ፣ ኤል1 ህዋሶችን ማያያዙን ሲያውክ ታይቷል። አልኮል ፅንስን የሚጎዳበት መንገድ ይህ ብቻ አይደለም። በእርግዝና ጊዜ ጉዳት የለውም የተባለ መጠን ግን የለም።

እማማ ትንሽ አሰቡና «ብርዝስ?» አሉኝ። ዛሬ የተበረዘ ከሆነ ችግር የለም አልኳቸው። ካደረ ግን ወደ ጠጅነት መሄድ ጀምሯል።