ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ በ21 ቀን

ባለጉዳይ ፋይሉን ፍለጋ ለአራተኛ ጊዜ ሲመለስ «ምን ያስቸኩልዎታል፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ተቋራጩ ላልጨረሰው ቤት፣ ተማሪው ላላነበበው ፈተና ይኸንኑ ይጠቅሳሉ። ዶሮ አስታቅፋ የምታውቅ ሴት ብትሰማቸው ትስቃለች።

ሥራው የሚጀምረው ዶሮዋ ሳትቀመጥ ነው። የሚታቀፈው እንቁላል እየተለየ፣ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ፣ እህል ውስጥ ይቀመጣል። ከሳምንት በላይ ሲቆይ የመፈልፈል ዕድሉ በየቀኑ ይቀንሳል። ዶሮዋ ከጎጆዋ አልነሣ ብላ ላባዋን ስትነፋ፣ ጓዳ ውስጥ ጨለም ባለ ጥግ በስባሪ እንስራ ወይም በቅርጫት ጭድ ይነጠፍላታል፤ ለቅማሉ ብለው ከሥሩ አመድ የሚነሰንሱም አሉ። ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 13 እንቁላል ይበቃል። ከዚያ ከበዛ የዳሩ ይበርደዋል፤ እሷም በመንቁሯ ስታገላብጥ የዳሩ መሃል፣ የመሃሉ ዳር ስለሚሆን ብርዱ ለሁሉም ይዳረሳል።

ዋናው ደንብ ሁሉም በአንድ ቀን መግባቱ ነው። ብልኋ ባለቤት እያንዳንዱን በከሰል ታሰምርበታለች። ሌላ ዶሮ መጥታ ብትጥልበት ምልክት የሌለው ተለይቶ ይወጣል።

ታቃፊዋ በቀን አንዴ ገደማ ለጥቂት ደቂቃ ተነሥታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትመለሳለች። ማገላበጡ ለጨዋታ አይደለም፤ ካልተገላበጠ ፅንሱ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ተጣብቆ ይሞታል። ከውጭ ሲያዩት እንቁላሉ ያው እንቁላል ነው። ውስጡ ግን ሁለተኛው ቀን ሳያልቅ ልብ መምታት ይጀምራል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን እግርና ክንፍ የሚሆኑት እብጠቶች ብቅ ይላሉ። በ7ኛው ቀን ጨለማ ውስጥ ከባትሪ መብራት ፊት ቢያዝ የደም ሥሩ እንደ ሸረሪት ተዘርግቶ ይታያል። ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያሳልፈው አውራ ያላገኘው ነው፤ እሱን 21 ቀን ሳይሆን 21 ወር ቢያቅፉት ለውጥ የለውም።

የሚያስገርመው እግሩ የተሠራበት ነገር ነው። ጫጩቱ ለአጥንቱ ከሚያስፈልገው ካልሲየም አብዛኛውን የሚያገኘው ከአስኳሉ ሳይሆን ከቅርፊቱ ነው። ፅንሱ ቅርፊቱን ከውስጥ እያሟሟ በደም ሥሩ ይወስደዋል፤ የተፈለፈለበት ቅርፊት በቀላሉ የሚፈረፈረው ለዚህም ነው። ስለዚህ እንቁላል በእግሩ ሄደ ማለት ቃል በቃል እውነት ነው፤ ቅርፊቱ እግር ሆኗል። ተረቱን የጀመረችው ከጎጆው ስብርባሪ ስትጠርግ መሳሳቱን በጣቷ ያየች ሴት ናት ባይ ነኝ። ርግብ አርቢ እንዳልተናገረው ደግሞ አልጠራጠርም። የርግብ ጫጩት ዓይኑ ሳይገለጥ፣ ራቁቱን ወጥቶ ሳምንታት ጎጆ ውስጥ ይከርማል። የዶሮዋ ግን በተፈለፈለ ቀን ቆሞ ይሄዳል፣ ሆዱ ውስጥ በገባው አስኳልም ሁለት ሦስት ቀን ያለ ምግብ ይቆያል።

ትዕግሥት የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው። ቅርፊቱ ከተነቆረ በኋላ ጫጩቱ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀን ሙሉ ይወስዳል። ያን ጊዜ አስኳሉን ወደ ሆዱ እየሳበ፣ የሽፋኑንም ደም እየሰበሰበ ነው። አዝኖ ቅርፊቱን የሚልጥለት ሰው ደም ያፈስበታል።

ከዚያ ወዲያ ግን ምሕረት የለም። እናትየው አንድ ሁለት ቀን ጠብቃ የተፈለፈሉትን አስከትላ ትወጣለች፤ የቀረውን ዞራ አታየውም። 23ኛው ቀን ካለፈ ባለቤቲቱ አንሥታ ራቅ አድርጋ ትጥለዋለች፤ ግም እንቁላል ጓዳ ውስጥ ቢፈነዳ ሽታው ቶሎ አይለቅም። ፋይል ያዘገየ ሠራተኛ ተረት ካማረው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚል አለለት። እንቁላሉንስ ይተወው፣ እሱ በቀኑ ሄዷል።