ብረት ጫማ ስለማያደርግ ፈረስ ኮቴ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በደጋው አገራችን አብዛኛው የመጋለቢያ ፈረስ ብረት ጫማ አያውቅም። የሰላሌውም የባሌውም ፈረስ በተፈጥሮ ኮቴው ዳገት ይወጣል፣ ጉግስ ይጫወታል፣ ጌታውን ገበያ አድርሶ ይመልሳል። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ያ ሁሉ ፈረስ ሲጋልብ ማየት ያኮራል። ኮርቻውና መጣብሩ አምሮ ሳለ ኮቴው ተሰነጣጥቆ ሳይ ግን ልቤ ያዝናል። ጥፋቱ የሚመጣው ከጭካኔ ሳይሆን ሲወርድ ሲዋረድ ከመጣ የተሳሳተ እምነት ነው።

«ብረት ያልተመታ ኮቴ ራሱን በራሱ ያስተካክላል»

ብዙ ፈረስ የሚጎዳው በዚህኛው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ኮቴ እንደ ሰው ጥፍር ሳያቋርጥ ያድጋል፤ በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል። ራሱን የሚያስተካክለው ያደገውን ያህል መሬት ሲበላለት ብቻ ነው። የአውስትራሊያ የዱር ፈረሶች ሣርና ውሃ ፍለጋ በቀን በአማካይ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዙ ኮቴያቸው ያልቃል። በችካል ታስሮ የሚውል፣ ለበዓልና ለለቅሶ ብቻ የሚጫን ፈረስ ግን ያን ያህል አይሄድም። በተለይ ክረምት ላይ፣ በለስላሳና እርጥብ መሬት፣ ኮቴ ያድጋል እንጂ አያልቅም።

ሳይቆረጥ ሲቀር የፊቱ ጫፍ ይረዝማል፣ ተረከዙ ወደ ፊት ይተኛል። ፈረሱ እግሩን ባነሳ ቁጥር ጫናው ከእግሩ በስተኋላ በሚወርደው ጅማትና ኮቴው ውስጥ ባለችው ትንሽ አጥንት ላይ ያርፋል። ከዚያ መደናቀፍ ይጀምራል። ባለቤቱ «ሰነፈብኝ» ብሎ አለንጋ ያነሳል፤ ፈረሱ ግን የሚለምነው ሞረድ ነበር።

ልኩን ማወቅ አይከብድም። ፈረሱን ደልዳላ መሬት ላይ አቁመው ከጎን ይዩት፤ የኮቴው ፊት ከበላዩ ካለው አጭር የእግር ክፍል ጋር በአንድ መስመር መውረድ አለበት። መስመሩ ኮቴው ላይ ሲደርስ ወደ ፊት ከተሰበረ ጫፉ ረዝሟል ማለት ነው። በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት በጉጠት ቆርጦ ጠርዙን በሞረድ ማለስለስ፣ ዓመት ቆይቶ በማጭድ ብዙ ከመገንደስ እጅግ ይሻላል። ለዓመት የረዘመ ኮቴ እንኳ በአንድ ቀን ልኩ ላይ ይድረስ ማለት ጅማቱን መጉዳት ነው፤ በተከታታይ ቆረጣ ቀስ በቀስ ይመለሳል።

«ሥሩ ነጭ እስኪሆን ካልተፋቀ አልጸዳም»

ብረት የማያደርግ ፈረስ ከድንጋይ የሚከልለው የኮቴው ሥር ውፍረት ነው። እሱን በቢላዋ ማሳሳት ጋሻውን መቀማት ይሆናል። መሃል ላይ ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ልስልስ ክፍልም እግሩ መሬት ሲመታ ግጭቱን የሚያበርድ ስለሆነ፣ የሚነሳለት የሞተውና የተንጠለጠለው ብቻ ነው። ከቆረጣ በኋላ ፈረሱ ጠጠር ላይ እየሳሳ ከረገጠ ከልክ በላይ ተቆርጧል። ደም ከታየማ ስህተቱ ግልጽ ነው።

«ጥቁር ኮቴ ጠንካራ፣ ነጭ ኮቴ ደካማ ነው»

ልዩነቱ ቀለም ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ጥሩ ፈረስ አይናቅ።

«ኮቴ የሚጠነክረው ቅባት ሲቀባ ነው»

ኮቴ የሚሠራው ከላይ፣ ጠጉሩ በሚያበቃበት ጠርዝ፣ በደም አማካኝነት ነው። እዚያ የበቀለው ከፊት በኩል ወርዶ መሬት እስኪነካ ከ9 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ የዛሬ መኖ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ቅቤ ጉዳት ባያመጣም ኮቴን አይመግብም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን ቆዳ ስለሚያቆስል ፈረስ አጠገብ አይድረስ።

«የሚሸተው ጭቃው ነው»

ጭቃ እንዲህ አይከረፋም። ከመሃለኛው ልስልስ ክፍል ስንጥቅ ጥቁር የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ፣ አየር የማይወዱ ተሕዋስያን እየበሉት ነው። ኮቴውን በየቀኑ መጥረግ፣ አድርቆ አዮዲን መቀባት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማደሪያውን ከሽንትና ከፋንድያ ማጽዳት ያስፈልጋል። ማደሪያው ካልደረቀ መድኃኒቱ ብቻውን አያድነውም።

«ኮቴና መኖ ምን አገናኛቸው?»

በጣም ያገናኛቸዋል። በዓል ሲቃረብ «ይበርታልኝ» ተብሎ ድንገት ብዙ ገብስ የሚጨመርለት ወይም ጎተራ ሰብሮ የሚበላ ፈረስ አደጋ ላይ ነው። ሆዱ ሳይፈጨው ያለፈው እህል ትልቁ አንጀት ውስጥ ይብላላል፤ የሚፈጠረው መርዝ ወደ ደም ገብቶ የኮቴውን ግድግዳ ከውስጡ አጥንት ጋር ያጣበቀውን ሕያው ክፍል ያስቆጣዋል። ማጣበቂያው ሲላላ አጥንቱ ወደ ታች ይዞራል። ፈረሱ የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ከጣለ፣ ኮቴው ከጋለ፣ መዞር እንቢ ካለ፣ ሰዓት ሳይባክን የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። እስኪመጣም እህሉ ይነሳ፣ ለስላሳ ቦታ ላይ ይቁም፣ እግሩ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከር። «ይፍታታ» ብሎ ማስኬድ ግን ጉዳቱን ያከፋዋል።

«ያለ ብረት ሁሉም ፈረስ የትም ይሄዳል»

ይህ ደግሞ በተቃራኒው ጫፍ ያለ ስህተት ነው። አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ሲጎትት የሚውል የጋሪ ፈረስ ኮቴው ከሚያድገው በላይ ያልቃል፤ ለእሱ ጫማ ምሕረት ነው። ለዓመታት ብረት ሲያደርግ የኖረውም ብረቱ በተነቀለለት ማግስት ድንጋይ ላይ አይጋለብም፤ ኮቴው እስኪወፍር ወራት ያስፈልጉታል። ደግሞ ጫማ ስለተመታለት ቆረጣው አይቀርለትም። ብረቱ ኮቴው እንዳያልቅ ስለሚከላከል በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ተነቅሎ፣ ያደገው ተቆርጦ፣ እንደገና መመታት አለበት።