ስለ ኑዛዜና ውርስ ቤት ውስጥ የሚባለውና ሕጉ የሚለው

«ኑዛዜ ሊሞት ያለ ሰው ነው የሚያደርገው።» ልጅ «አባዬ ኑዛዜ ጻፍ» ካለ ሞቴን ተመኘህ ይባላል፣ ስለዚህ ማንም አያነሳውም። ግን ኑዛዜ ሰውየው በጤናው፣ አእምሮው ሙሉ ሆኖ ሲያደርገው ነው በኋላ ለክርክር የማይመቸው፣ ደግሞ በሕይወት እስካለ ድረስ በፈለገው ሰዓት ይሽረዋል፣ ንብረቱም የራሱ ነው።

«ውክልና ስላለኝ ቤቱን እኔ እጨርሳለሁ።» ይሄኛው ስንቱን ወንድምና እህት አባልቷል! በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2232 መሠረት ተለይቶ የተጻፈ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል፣ ከዛ በኋላ ፍርድ ቤት ሄዶ የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ነው ያለው። እናት የመርሳት በሽታ ይዟት መወሰን ካቃታትም በድሮው ውክልና ዝም ብሎ መቀጠል አደጋ አለው፣ ፍርድ ቤት አመልክቶ ሞግዚት ማሾም ይሻላል።

«ባሌ ቢሞት ሁሉም ለኔ ነው።» አይደለም፣ እና ብዙ እናቶች ይሄን የሚሰሙት ከቀብር በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል። በትዳር ውስጥ የተሠራ ቤት ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆንም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፣ ስለዚህ ግማሹ የሷ ነው፣ ግን ያ ድርሻዋ እንጂ ውርስ አይደለም። የሱን ግማሽ ልጆቹ እኩል ይካፈሉታል፣ 3 ከሆኑ እያንዳንዳቸው የቤቱን አንድ ስድስተኛ ይወስዳሉ፣ ከሌላ የወለደውም ልጅ አብሮ ይቆጠራል፣ ልጅ ከሌለው ደግሞ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል። ሚስት በሕግ ወራሽ ስላልሆነች ባል ከዚህ በላይ እንዲደርሳት ከፈለገ በኑዛዜ መጻፍ አለበት።

«በቃሉ ተናግሯል፣ ሁላችንም ሰምተናል።» የቃል ኑዛዜ 2 ምስክር ፊት ይደረጋል፣ ግን የሚሠራው ለቀብር ሥርዓት፣ ለትንንሽ ልጆች አሳዳጊ እና እያንዳንዱ ከ500 ብር ላልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው፣ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ 3 ወር ከኖረ ደግሞ ይቀራል። ቤት በቃል አይወረስም።

«ኮምፒውተር ላይ ጻፍነው እማዬም ፈረመች በቃ።» ሌላ ሰው የጻፈው ከሆነ እሷና 4 ምስክሮች ባሉበት መነበብ አለበት፣ መነበቡና ቀኑ እዛው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፣ ወዲያው ሁሉም ይፈርማሉ። አንዱ ምስክር በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ 2 ይበቃል፣ ለዚህ ነው ውልና ማስረጃ ሂዱ የምለው። ራሷ በእጇ ከጻፈችው ምስክር አያስፈልግም፣ ግን ኑዛዜ መሆኑን ገልጻ፣ ቀን ጽፋ፣ በየገጹ ትፈርም፣ ተመዝግቦም ይቀመጥ ምክንያቱም ለሚመለከተው አካል ሳይሰጥ 7 ዓመት ካለፈው ዋጋ የለውም። ባልና ሚስት ደግሞ አንድ ወረቀት ላይ አብረው እንዳይናዘዙ፣ ፈራሽ ነው፣ ለየብቻ ይጻፉ።

«ስሙን ካልጠራሁት ተነቅሏል ማለት ነው።» ልጅን ዝም በማለት ከውርስ መንቀል አይቻልም፣ በግልጽ ነቅዬዋለሁ ብሎ ምክንያቱንም ኑዛዜው ላይ መጻፍ ግዴታ ነው።