እህት አየር መንገድ ምንድን ነው? ከድሬዳዋ እስከ ሎሜ

ከሐረር ወጥቶ በደንገጎ ቁልቁለት ወርዶ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርስ መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚሳፈረው ባለፕሮፔለሩን ዳሽ 8 ኪው400 ነው። ወንበሩ ከ80 አይበልጥም፤ አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። መጠኑንና መስመሩን ያየ ሰው አውሮፕላኑን የትልቁ አየር መንገድ ሳይሆን የአገር ውስጥ በረራ የሚሠራ የሌላ እህት ኩባንያ ንብረት ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም፤ በብዙ አገር እንዲያ ነውና። በእኛ አገር ግን ድሬዳዋ የሚያርፈውም ሆነ ቻይና፣ ጓንዡ የሚያርፈው አውሮፕላን የአንድ ኩባንያ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። የኤርፖርቶች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ከአየር መንገዱ ጋር ከተጠቃለለ ወዲህ ማረፊያውን የሚያስተዳድረውም ያው ግሩፕ ሆኗል።

እህት አየር መንገድ የሚባለው የራሱ ስም፣ የራሱ የበረራ ፈቃድና የራሱ የሒሳብ መዝገብ ኖሮት፣ አክሲዮኑን ግን በሙሉ ወይም በከፊል ሌላ አየር መንገድ የያዘበት ኩባንያ ነው። እህት የሚያደርገው የአውሮፕላኑ ማነስ ወይም የመስመሩ ማጠር አይደለም። ወሳኙ ባለቤትነቱና ፈቃዱ ነው።

የኬንያን ምሳሌ እንይ። ኬንያ ኤርዌይስ ጃምቦጄት የተባለ ኩባንያ አቋቁሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ አስጀምሯል። ጃምቦጄት ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳና ወደ ኪሱሙ በርካሽ ዋጋ ይበራል፤ የሚያበረውም ያንኑ ዳሽ 8 ኪው400 ነው። አውሮፕላኑ አንድ ዓይነት ሲሆን እዚያ የእህት ኩባንያ፣ እዚህ የእናት ኩባንያ ነው። ኬንያውያኑ ለምን ለዩት? በአጭር መስመር ላይ ትርፉ ቀጭን ስለሆነ የደመወዙን፣ የአገልግሎቱንና የትኬት አሻሻጡን ወጪ ከዋናው ድርጅት ለይቶ ዝቅ ማድረግ ይቻላል ከሚል ስሌት ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገዱ ሌላ ነው። የአገር ውስጡን በረራ በእጁ ይዞ እህቶቹን ያቋቋመው በሰው አገር ነው። ለዚህ ያበቃው ሕጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት እያንዳንዱ አገር በአየር ክልሉ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል፤ በአንድ አገር ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ መንገደኛ ማመላለስንም አገሩ ለውጭ አየር መንገድ ሊከለክል ይችላል። በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ያለውን መስመርም መንግሥታቱ በስምምነት የሚሰጡት በአብዛኛው ለየራሳቸው አየር መንገድ ነው። የእኛው አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ማላዊ መግባት ይችላል፤ ሊሎንግዌና ብላንታየር መካከል እንደ አገሬው ሰው ትኬት ልሽጥ ቢል ግን በሩ ዝግ ነው። በሩ የሚከፈተው ዜግነቱ የማላዊ ለሆነ ኩባንያ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አብላጫው ድርሻ በአገሬው እጅ መሆን አለበት።

በእህቶቹ ድርሻ ላይ ደጋግማ የምትታየው 49 በመቶ የምትባለው ቁጥር የመጣችው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በተመሠረተው የማላዊ አየር መንገድ የኢትዮጵያ ድርሻ 49 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እንደገና በተነሣው የዛምቢያ አየር መንገድ 45 በመቶ ይዛ ገባች። በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ሥራ በጀመረው ኤር ኮንጎም ድርሻዋ 49 በመቶ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊጠና የሚገባው ግን የሎሜው ነው። በፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1961 የተመሠረተው ኤር አፍሪክ በ2002 ሲፈርስ፣ የምዕራብ አፍሪካ ከተሞች እርስ በርስ የሚያገናኛቸው አየር መንገድ አጡ። ያን ክፍተት ለመሙላት አስካይ የተባለው አየር መንገድ ዋና መናኸሪያውን የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ላይ አድርጎ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 መብረር ጀመረ። ካፒታሉ የአካባቢው ባንኮችና የግል ባለሀብቶች፣ የአውሮፕላንና የአመራር ልምዱ ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነበር፤ አየር መንገዱም ባለድርሻ ሆኖ ገባ። ሎሜ በዚህ መልክ ሁለተኛ መናኸሪያ ሆነች። ከአዲስ አበባ የተነሣ የኢትዮጵያ አውሮፕላን በሎሜ በኩል ወደ አሜሪካ ሲሻገር፣ ከኒያሜ፣ ከባማኮና ከኮቶኑ መንገደኛ የሚያመጣለት አስካይ ነው። ድሬዳዋ ተሳፍሮ ኮቶኑ የሚሄድ ነጋዴም ከሎሜ በኋላ ያለውን መንገድ የሚጨርሰው በእህቲቱ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም አልሰመሩም። እ.ኤ.አ. በ2018 በቻድና በሞዛምቢክ የተጀመሩት ሁለቱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘግተዋል። አናሳ ባለድርሻ መሆን የራሱ ፈተና አለው፦ ሙያውና ስሙ የአንተ ቢሆንም ካፒታል ይጨመር፣ አውሮፕላን ይከራይ፣ ይህ መስመር ይቅር የሚለውን ለመወሰን አብላጫውን የያዘው መንግሥት እሺ ማለት አለበት። ምርጫ ሲመጣ ወይም ካቢኔ ሲቀየር ሐሳቡ ሊለወጥ ይችላል።

እንዲህ ያለ የጋራ ሥራ ለድሬዳዋ ባዕድ አይደለም። ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 በደረሰላት የምድር ባቡር ነው፤ ባቡሩንም ለረጅም ዘመን ያስተዳደረው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ነበር። የገዛ አየር መንገዳችን ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1945) ሲመሠረት ባለቤቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ቢሆንም ሥራ አስኪያጆቹ፣ አብራሪዎቹና መካኒኮቹ ቲደብሊውኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ የመጡ ነበሩ። ኮሎኔል ሰምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ይህም ሩብ ምዕተ ዓመት የፈጀ ሽግግር ነው። ስለዚህ አስካይን ወይም የማላዊውን አየር መንገድ ስመዝን እኔ የምጠይቀው ዓመታዊ ትርፉን ብቻ አይደለም። የቶጎና የማላዊ ልጆች የአብራሪውን ወንበር፣ የጥገናውን ክፍልና የሥራ አስኪያጁን ቢሮ በስንት ዓመት ይረከባሉ? የእኛ ሰዎች ሲማሩ የተከፈተላቸውን በር ለሌሎች መክፈት ግዴታችን ነው ብዬ አምናለሁ።

የአገር ውስጡ በረራስ እንደ ኬንያው ተለይቶ ለእህት ኩባንያ ቢሰጥ? አልደግፈውም። ከድሬዳዋ ከሚነሡት መንገደኞች ጉዟቸው አዲስ አበባ የማያበቃ አሉ፤ ወደ ዱባይ፣ ወደ ጂዳ ወይም ወደ ጓንዡ ይቀጥላሉ። የአንድ ሰዓቷ በረራ ለብቻዋ ብትታይ ትርፏ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ትልልቆቹን አውሮፕላኖች ከሚሞሉት ገባሮች አንዷ መሆኗ የሚታየው ግን ሒሳቡ አንድ መዝገብ ላይ ሲሠራ ነው። ኩባንያው ቢለይ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የሚጠየቀው በራሱ መስመር ትርፍና ኪሳራ ብቻ ነውና፣ የመንገደኛው ቁጥር በሳሳ ወቅት መጀመሪያ የሚቀንሰው የጅግጅጋን፣ የጎዴንና የድሬዳዋን በረራ ይሆናል።